የግድግዳው ወዝ

ጋሽ ዘርአ ዳዊት ደብረ ብርሃን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሥዕል አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ታዲያ ምን ዋጋ አለው? ለጎረቤቶቻቸው ታፔላ የሚጽፉ ሰው ናቸው፤ ከዚህ ያለፈ የሚያውቅላቸው የለም። አንዲት ሥዕላቸውን እንኳ የገዛ ሰፈራቸው ሰቅሎላቸው ቢያዩ ሌላ ምኞት አልነበራቸውም።

ዘንድሮ እድሩ አዲስ የብሎኬት አዳራሽ ሠራና፣ አባቶች ጭቃ ረግጠው ያቆሙት አሮጌው መሰብሰቢያ እንዲፈርስ ተወሰነ። ጋሽ ዘርአ ዳዊት ይኼን ሲሰሙ የውሃ ቀለማቸውን ይዘው ገቡ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጠዋት ጠዋት የቤቱን ውስጥ ሲስሉ ከረሙ። የደብረ ብርሃን ብርድ መቼም የታወቀ ነው፤ ቀለሙ አልደርቅ እያለ አንጀታቸውን አሳረራቸው። ቢሆንም ደስ እያላቸው ነው የሠሩት፣ ምን ይዋሻል።

በአዲሱ አዳራሽ የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሥዕሉን በፍሬም አስገብተው አመጡና ይሰቀልልኝ አሉ። የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደአረጋይ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና፣ አግዳሚው አለ፣ ምሰሶው አለ፣ ሰው ግን የታለ አሉ። ባዶ ቤት መስቀል ደግ አይደለም፣ ሰው ይጨመርበት ሲሉ ግማሹ ተሰብሳቢ ልክ ነው አለ። ጋሽ ዘርአ ዳዊት የውሃ ቀለም ሥዕል አንዴ ካለቀ እንደማይነካካ ቢያስረዱም ማን ሰምቷቸው። ልባቸው ስብር አለ፤ ሥዕላቸውን ይዘው ሊወጡ እጃቸውን ዘረጉ።

ይኼኔ ወይዘሮ በላይነሽ ከኋላ ተነሡ። ባላቸው ባዩ ካረፉ ስምንት ዓመት ሆኗል። ቀረብ ብለው፣ ሥዕሉ ውስጥ ከአግዳሚው በላይ ያለችውን ጠቆር ያለች ክብ በጣታቸው አሳዩ።

«ይቺ የባዩ ናት። ስብሰባው ሲረዝምበት ራሱን ግድግዳው ላይ ጣል እያደረገ ያጠቆራት። ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ!»

ጋሽ ዘርአ ዳዊት የስንት ዓመት የራስ ወዝ ኖራው ላይ የተወውን ምልክት አንድም ሳይዘሉ ስለውታል። ሰዉ ግር ብሎ ተነሣ። ይቺ የኔ፣ ያቺ የአባቴ መባባል ተጀመረ። ወይዘሮ በላይነሽ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ሳቁ። አቶ ወልደአረጋይም ቀስ ብለው የራሳቸውን ፈለጉ፤ አገኙም።

«ያንተስ የታለች?» አሉ ወደ ጋሽ ዘርአ ዳዊት ዘወር ብለው።

«እኔማ በሩ ሥር ቦታዬ ላይ ተቀምጬ ነው የሳልኩት፤ የኔዋ ከኋላዬ ናት፣ በየት በኩል ትታያለች?»

«እንግዲያው ሁላችንም ተገኝተናል፣ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። ቀሪ ደግሞ ይቀጣል» አሉ ዳኛው ኮስተር ብለው። «ሚስማሩን ራስህ ምታ።»

ጋሽ ዘርአ ዳዊት ወንበር ላይ ወጡ። ብሎኬቱ ላይ ሁለት ሚስማር አጣመሙ፤ ሦስተኛው ገባ።