የቱ ፕሮጀክተር ይሻላል?

ማክሰኞ። የባለቤቴ ዓይን እየከዳት ነው።

የልጃችንን የሠርግ ቪዲዮ በቴሌቪዥን መለየት አቃታት። በትልቁ ብታየው ይሻላል ብዬ ዛሬ አሰላ ወዳለ ፕሮጀክተር ሻጭ ይዣት ሄድኩ።

ባለሱቁ ከድር መጋረጃውን ዘጋና ሁለት ውድ ፕሮጀክተሮች አበራ። ልጃችን የእናቷን ጉልበት ስትስም ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ታየች።

«ይሄኛው በሌዘር የሚያበራ ነው ጋሼ፣ ጥቁሩን የምር ጥቁር አድርጎ ያሳያል። ያኛው ደግሞ የሚዜዎቹን ላብ ሳይቀር ያሳያል።»

እውነቱን ነው። ሚዜዎቹ ደህና አድርገው አልቧቸዋል።

«የቱ ይሻልሻል?» አልኳት።

ግድግዳው ላይ እንዳፈጠጠች፣ «ሁለት ነው እንዴ ያበራው?» አለችኝ።

ከድር ሌላ ካርቶን ሊከፍት ሲያጎነብስ እጇን ይዤ ወጣሁ።

እንዲህ ያለ ዓይን ያዳነላችሁ ሐኪም ካለ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ።