ምስማሩ ላይ የተሰቀለው ካፖርት

መጀመሪያ የያዘው ብርድ ነው። በሐምሌ ማን አይበርደውም ብለን ተውነው። ከሰዓት በኋላ ግን ያንቀጠቅጠው ጀመር፤ ጥርሱ ሲንገጫገጭ በረንዳ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። ራሴን ፈለጠኝ፣ ወገቤን ቆረጠኝ ይላል። ግንባሩን ብነካው እጄን አቃጠለኝ።

በሽተኛው አማኑኤል ይባላል። ከጋና ወንጌል ሊሰብክ የመጣ ሚሲዮናዊ ነው፤ ሀና ማርያም ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። እኔ ደቻሳ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። የምጽፈው ቤታችሁ እንዲህ ያለ በሽተኛ ለተኛባችሁ ነው።

አማኑኤል የእኛን ክረምት አልቻለውም። ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮው በላያችን እየጮኸ አማርኛ እናነባለን። እሱን የጠፋው ፊደል እኔንም ስለሚጠፋኝ ባለቤቴን አስካለን እንጠራለን። "ሁለት ደደብ ተማሪ፣ ደመወዝ የለ!" ትለናለች። ከዚያ ቦቲውን አጥልቆ፣ ጫማውን በፌስታል ይዞ፣ ጭቃውን ተሻግሮ በታክሲ ወደ መካኒሳ ጸሎት ቤቱ ይሄዳል። ሲመለስ ቀን ሠራተኞች ተጣበው የሚያድሩበት ቤት ጎራ ይላል። ይጸልይላቸዋል፤ እነሱም ይቀልዱበታል። "ሚሲዮን ነጭ ነው ሲሉን ነበር፤ አንተን የት አጠቆሩህ?"

አንድ ቀን እዚያ እንዳለ ዶፍ ወረደ። ከሠራተኞቹ አንዱ ካፖርቱን አውልቆ አለበሰው። አማኑኤል እምቢ ቢል፣ "እንግዳ እንዲህ በዝናብ ይሸኛል እንዴ? ነገ ታመጣልኛለህ" አለው። ነገ እያለ ሳምንት አለፈ። ብርዱ ስለጠናበት ቤት ውስጥም ይለብሰው ነበር። ያን ጊዜ ነው የታመመው።

በማግስቱ ውሃ ላጠጣው ቀና ሳደርገው ከትከሻዬ በላይ ያያል።

"አባባ፣ ሰውየውን ግባ በለው። ረጥቧል።"

ዞርኩ። በሩ ዝግ ነው። ከበሩ ጎን ካፖርቱ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ከጫፉ ውሃ ጠብ ይላል። ሰው የለም።

ክሊኒክ ወሰድነው፤ ታይፎይድ ነው ብለው ኪኒን ሰጡት። ከቀናት በኋላ አንሶላው እስኪጨመቅ ድረስ አላበውና ትኩሳቱ ለቀቀው። ስለ ሰውየው ብጠይቀው "የምን ሰው?" አለኝ። የጸሎት ቤት ወዳጆቹ መጥተው ዘመሩ፣ እግዚአብሔር ፈወሰው አሉ። እኔም አሜን አልኩ። ካፖርቱን ለባለቤቱ እኔ ላድርስለት ስለው፣ "ማመስገን ያለብኝ እኔ ነኝ፤ ስጠነክር ራሴ እወስዳለሁ" አለ። እስከዚያው መልሶ ለበሰው።

ሳምንት ገደማ ደህና ከረመ። ከዚያ ካፖርቱን ሊመልስ ለብሶት ሲወጣ ደጃፉ ላይ ወደቀ። ያው ብርድ። ያው ራስ ምታት። አሁን ነስር ተጨመረ። ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ካፖርቱን አውልቀን አልጋው ላይ፣ እግሩ ሥር ጣልነው።

"አሁን ገብቷል" አለ። "እግሬ ሥር ተቀምጧል።"

አስካለ አማተበች። "ይሄ ጨርቅ ሞት ይዞ ነው የመጣው፤ ይቃጠል!"

"የሰው አደራ አላቃጥልም።"

"ሞት ምን አደራ አለው፣ አንተ እልኸኛ!"

"ባለቤቱ ሲመጣ አመድ ላስረክበው?"

ኮንትራት ታክሲ ጠርተን፣ ብርድ እንዳይመታው ያንኑ ካፖርት ደርበንለት ሆስፒታል አደረስነው። ዶክተሯ ወጣት ናት። ትኩሳቱ ለቆት እንደተመለሰበት ስነግራት ቶሎ ደም አስቀዳች። "ቅማል አይታችሁበታል?" አለችኝ።

"ዶክተር፣ ቤቴ ንጹሕ ነው!" ተቆጣሁ።

"አባቴ፣ ቤትዎን አልሰደብኩም። ልብሱ የማን ነው?"

ነገርኳት። ሰው ይታየዋል ያልኳትም ያኔ ነው። አልሳቀችም። ጓንት አጥልቃ የካፖርቱን ኮሌታ ገለበጠች። ቅማሉ ስፌቱን ተከትሎ ተደርድሯል።

የደሙ ውጤት መጣ። "ሪላፕሲንግ ፊቨር ነው፤ ግርሻ የምትሉት" አለች። "በቅማል ይተላለፋል፤ ለቀቀ ሲሉት ይመለሳል። የካፖርቱን ባለቤት ፈልጉት፤ እሱም ታሞ ይሆናል። ደግሞ ከመርፌው በኋላ መጀመሪያ ይብስበታል፤ እንዳይደነግጡ።"

ተወጋ። ቆየት ብሎ መንቀጥቀጥ ጀመረው። አልጋው ግድግዳውን መታ። ከንፈሩ ጠቆረ። ጉሉኮስ ተሰካለት። ዶክተሯ የደም ግፊቱን ለካች፤ ደግማ ለካች። ወረደ አለች። ከዚያ መንቀጥቀጡ ቆመ። እጁን ያዝኩ።

"አባባ፣ ሰውየው ተነሣ።"

"ይሂድ" አልኩ። ለማን እንዳልኩ አላውቅም።

"ሄደ።"

ላቡ መጣ።

በማግስቱ ሻይ ጠይቆ ሲጠጣ አየሁትና፣ እሱን ለአስካለ ትቼ የካፖርቱን ባለቤት ልፈልግ ቀን ሠራተኞቹ ቤት ሄድኩ። የካፖርቱን ነገር ሳነሣ እርስ በርስ ተያዩ። "የጴጥሮስ ነው። ጴጥሮስን ቀበርነው፣ አባባ" አለኝ አንዱ። ያረፈበትን ቀን ሊነግረኝ ሲጀምር መስማት ፈርቼ አቋረጥኩት። "ሌላ የታመመ አለ?" አልኩ። ሁለት ሰዎች ግድግዳ ሥር ተኝተዋል። ጤና ጣቢያ አደረስናቸው፣ ባለሙያዎችም መጥተው የቤቱን ሰው ሁሉ መረመሩ፤ ሁለቱም ድነው ዛሬ ድንጋይ ይሸከማሉ። ካፖርቱን በበርሜል ቀቅለን፣ አስካለ ስፌቱን በካውያ ደጋግማ ተኩሳው፣ አማኑኤል ከወላይታ ለመጣው ለጴጥሮስ ወንድም እጅ በእጅ አስረከበው።

እንግዲህ በሽተኛ የያዛችሁ ስሙኝ። ትኩሳት ለቀቀ ብላችሁ አትዘናጉ፤ ከተመለሰ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ውሰዱ፣ ለቆት መመለሱንም ንገሩ። ስለ ቅማል ሲጠይቋችሁ እንደ እኔ አትቆጡ። ልብሱን ቀቅሉ። ጸልዩ፣ ደሙንም አስመርምሩ።

ያችን ዶክተር እግዚአብሔር ይስጣት። የጴጥሮስን ነፍስ ይማር፤ አንድ ያለችውን አውልቆ እንግዳ አለበሰ፣ ቅማሉ ጥፋቱ አይደለም። ምስማሩን ልንቀለው ብል አማኑኤል ከለከለኝ። ምስማሩ ባዶውን እዚያው ቀርቷል። ዶፍ ሲወርድ፣ ፊደላችንን ትተን ሁለታችንም ወደዚያ እናያለን።