ባለቤቴ በዓይኑ ሲሰማ

ባለቤቴ ከጦር ሜዳ የተመለሰው እጅ እግሩ ሙሉ ሆኖ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን አላህ በደህና አመጣልሽ» ሲለኝ ዋለ። መድፉ ጆሮውን እንደወሰደበት ያወቅነው፣ እናቱ ከኋላው ደጋግመው ጠርተውት ዞር ሳይል ሲቀር ነው።

አንዋር መስጊድ አጠገብ ሳሙና፣ ሻማና ኮንጎ ጫማ የምንሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችን። በሳምንቱ ከባንኮኒው ኋላ ቆመ። አንዲት ሴት «ሻማ» ብትለው ጫማ አወረደላት። ሴትየዋ ሳቀች፤ እሱም አብሯት ሳቀ። ከዚያ ዕቃ የሚያነሳ መስሎ ጓዳ ገባና ሳይወጣ ቀረ።

አማቴ ከዚያ ወዲያ በጩኸት ያናግሩት ጀመር። «ልጄ! ምሳህን ብላ!» ሲሉ አላፊ አግዳሚው ዞሮ ያያል፤ እሱ አንገቱን ይደፋል። እኔም እጮህ ነበር። አንድ ቀን ጁምዓ ተሰግዶ ሰዉ ሲበተን፣ በዚያ ሁሉ ግርግር መጮህ ታከተኝና በቀስታ «ደከመህ?» አልኩት።

«ኧረ አልደከመኝም» አለኝ።

ደነገጥኩ። «ሰማኸኝ?»

«አየሁሽ። ስትጮሁ አፋችሁ ይጣመማል፤ ቃሉ ይጠፋብኛል። እንዲህ ስታወሪ ግን አውቀዋለሁ።»

ቤታችን ጸጥ አለ። ለመናገር ስፈልግ ትከሻውን ነካ አድርጌ ብርሃን ላይ እቆማለሁ። አማቴም ነጠላቸውን ከአፋቸው ገለጥ አድርገው ማውራት ለመዱ። እሱም ደንበኞቹን «እስቲ ፊታችሁን አሳዩኝ» ማለት ጀመረ። መሳሳቱ አልቀረም፤ ጓዳ መግባቱ ግን ቀረ።

ከዚያ በኋላ የወለድናት ልጃችን አፏን የፈታች ዕለት እቅፉ ውስጥ ነበረች። «ማማ» አለች።

«ባባ አለችኝ!» ብሎ ብድግ አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ሰማሽ?»

«ሰማሁ» አልኩት።

ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ። «ባ እና ማ ከንፈር ላይ አይለያዩም። እውነቱን ንገሪኝ።»

መዋሸት አቃተኝ። «ማማ ነው ያለችው።»

ግንባሯን ሳማት። «ግድ የለም። እኔ ያየሁት ባባ ነው።»

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ እሱ ዕቃ ሲደረድር፣ ወደ እሱ እየዳኸች በእርግጥም «ባባ» አለች። አንስቼ ታቀፍኳትና ፊት ለፊቱ ቆሜ ነገርኩት።

«አሁን ገና ሰማሽ?» ብሎ እጁን ዘረጋላት።