ለየት የሚለው የቨርሊን ቢራ

አርሊስ ባሏን ቨርሊንን ከወጥ ቤት ያባረረችው በመጋቢት ነበር። በእርግጥ ያባረረችው ቢራውን ነው፤ ቢራው ግን ብቻውን መሄድ ስለማይችል ሁለቱም ወጡ።

የዚያን ቀን የብቅሉ ውሃ ገንፍሎ በምድጃው ጀርባ ወረደና ወለሉ ላይ እንደ ከረሜላ ደረቀ። አርሊስ ተንበርክካ በቢላዋ ስትፍቅ ቆየችና ቀና ብላ፣ «ጋራዥ አለህ አይደል?» አለችው። ሌላ ቃል አልተናገረችም። በእኛ ሚኒሶታ ይህ ከባድ ጠብ ነው።

ቤቴ ከነሱ ጓሮ ማዶ ስለሆነ ገሚሱን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የቀረውን አርሊስ ነግራኛለች። ከኔ የተሻለ የሚያወራው ሰው በመንደሩ አይጠፋም፤ ግን እስካሁን የጻፈው የለም።

ቨርሊን ዕድሜውን ሙሉ በጋ የወረዳውን የጠጠር መንገድ በግሬደር ሲደለድል፣ ክረምት ደግሞ በረዶ ሲጠርግ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ የሥራ ጓደኞቹ ትልቅ የቢራ መጥመቂያ ድስት ሰጡት። ምን ያደርግበት ይሆን ብለው የጠየቁ አይመስለኝም። እሱ ግን ድስቱን ተቀበለና እንደ መንገዱ ሥራ በቁም ነገር ያዘው።

ጋራዡ ከቤቱ ተነጥሎ ጓሮው ጫፍ ላይ ነው የቆመው። መብራት አለው፤ ውሃ የለውም። ቢራ ደግሞ ያሻህን ብትለው አብዛኛው ውሃ ነው። ቨርሊን አልተጨነቀም። ከቤቱ የውጭ ግድግዳ ላይ ካለው ቧንቧ አረንጓዴውን የአትክልት ማጠጫ ጎማ ገጠመ፤ በሣሩ ላይ ጎትቶ በጋራዡ መስኮት አስገባውና መጥመቅ ጀመረ። ጎማው እዚያው ቀረ። ሞቃቱን ወራት ሙሉ ፀሐይ ላይ ተጋድሞ ከረመ። ቨርሊን ሣር ሲያጭድ ብቻ በእግሩ ገፋ ያደርገው ነበር።

የመጀመሪያውን ጠርሙስ የከፈተው ለጎረቤቱ ለኬርሚት ነው። ኬርሚት የወተት መኪና ሲነዳ ያረጀ፣ ጨዋ ሰው ነው። ጎንጨት አለና አፉ ውስጥ ያዘው። ቆይቶ ዋጠው። የጋራዡን ጣሪያ ተመለከተ።

«እንዴት ነው?» አለው ቨርሊን።

«እንግዲህ...» አለ ኬርሚት፣ «ለየት ይላል።»

የቨርሊን ፊት በራ። «አየህ! ከሱቁ ጋር አይገናኝም!»

«ኧረ በጭራሽ አይገናኝም።»

«ልድገምልህ?»

«ኧረ ተወኝ፣ መኪና እነዳለሁ።»

ኬርሚት የመጣው በእግሩ ነው። ቤቱም አጥሩን እንደተሻገሩ ነው።

የእኛ ሰው «መጥፎ ነው» አይልም። የጎረቤት ልጅ ፀጉሯን አረንጓዴ ቀብታ ብትመጣ፣ «ለየት ይላል» ይባላል። አንዱ ቤቱን ወይን ጠጅ ቀለም ቢቀባው፣ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ አይቶ፣ «ለየት ይላል» ብሎ ያልፋል። ቨርሊን ይህንን ቃል አፉን ከፈታ ጀምሮ ሲጠቀምበት ኖሯል። ወደ ራሱ ቢራ ሲመጣ ግን ትርጉሙ ጠፋበት። ፓስተር ሶንያ እንኳ ቀምሳ፣ «በጣም ለየት ያለ ነው፣ ቨርሊን» ብትለው፣ ያን ቀን ማታ እራቱን እያፏጨ በላ።

በሐምሌ መጨረሻ አርሊስ የጋራዡን ነገር አነሳች።

«መኪናዬ ዘንድሮ ውጭ አትከርምም» አለች።

«ቢራውስ?»

«ቢራው ምን ሆነ?»

«ሰው ወዶታል እኮ። ሁሉም ለየት ይላል ይላሉ።»

አርሊስ ሹካዋን አስቀመጠች። «ቨርሊን፣ እህቴ ለፋሲካ ያመጣችው ካሮት የተፈቀፈቀበት ጄሊ እንዴት ነበር?»

«ለየት ያለ ነበር።»

«በላኸው?»

ቨርሊን የጨው ዕቃውን አነሳ። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረና መልሶ አስቀመጠው። አርሊስንም አሳዘናት መሰለኝ፣ ውል አቀረበችለት። በረዶ ከመውደቁ በፊት አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ሳይለመን በራሱ አፍ ሁለተኛ ብርጭቆ ከጠየቀ ጋራዡ የቢራው ይሆናል። መኪናዋ ውጭ ታድራለች፤ መስታወቷ ላይ የሚጋገረውን በረዶም ጠዋት ጠዋት ቨርሊን ይፍቃል። ካልሆነ ድስቱ ለቤተ ክርስቲያኑ ባዛር ይሄዳል።

ቨርሊን ብቅሉን ቀየረ። እንደ ጌሾ ቢራውን የሚያመርረውን የሆፕ አበባ ቀየረ። እርሾውን ቀየረ። ድስቱንና ጠርሙሱን አፍልቶ አጠበ። ቢራው እንደ በፊቱ ለየት አለ። ስልቹ ሰው ስላልሆነ እንጂ ሌላው ቢሆን ድስቱን አበባ ይተክልበት ነበር።

በነሐሴ አንድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ አረንጓዴውን ጎማ ከጋራዡ ስቦ ቲማቲም ሲያጠጣ ጠማው። እንደ ልጅነቱ ጎማውን ወደ አፉ አዞረና ጠጣ። ፈገግ አለ። ጣዕሙን አውቆታል፤ የገዛ ቢራው ነው። ደግሞ ጠጣ። ከዚያ ፈገግታው ቀስ ብሎ ወረደ።

ጎማውን እንደያዘ አጥሩ ጋ ሄደ።

«ኬርሚት! ይህን ጎማ ቅመሰው እስቲ።»

«ቀምሼዋለሁ» አለ ኬርሚት፣ ዓይኑን ከጋዜጣው ሳያነሳ። «ከግንቦት ጀምሮ እየቀዳህልኝ አይደል?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?»

«መቼ ዝም አልኩ? ለየት ይላል አላልኩህም?»

ኬርሚት ክፉ ሰው አይደለም። ከሰዓት በኋላ፣ ሐይቅ ዳር ለሽርሽር ሲወጣ ከሚጎትታት ቤት መሰል ተሳቢ ውስጥ ነጩን ጎማ ፈትቶ አመጣለት። ለመጠጥ ውሃ ተብሎ የተሠራ፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ የማይል ጎማ ነው። የቧንቧው ውሃ የክሎሪን ሽታ ስላለው፣ ሽታውን የሚያስቀር የከሰል ማጣሪያም ጫፉ ላይ ገጠሙለት። ቨርሊን መጀመሪያ ውሃውን ሣሩ ላይ ትንሽ ያፈሰዋል፤ ከዚያ ቀምሶ ድስቱን ይሞላል። ሲጨርስ ጎማውን አራግፎ ጋራዡ ውስጥ ይሰቅለዋል። አረንጓዴው ወደ ቲማቲሙ ተመለሰ። ቲማቲሙ ቅሬታ አላሰማም።

አዲሱ ቢራ የተቀመሰው በጥቅምት፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ሬዲዮው ለሌሊቱ በረዶ እንደሚጥል ተናግሮ ነበር። ኬርሚት፣ ፓስተር ሶንያና እኔ ጋራዡ ውስጥ በታጣፊ ወንበር ተቀመጥን። አርሊስ ድንችና ሥጋ በትሪ ጋግራ አመጣች፤ ቨርሊን ለእሷም ለእኛም ቀዳ።

ኬርሚት ጎንጨት አለ። ጣሪያውን አላየም።

«መጥፎ አይደለም» አለ።

ቨርሊን ወንበሩን ያዘ። በእኛ ዘንድ ከዚህ በላይ ምስጋና ለመንግሥተ ሰማያት ብቻ የተቀመጠ ነው።

ፓስተር ሶንያ ጨለጠችው። ኬርሚትም ጨለጠው፤ እኔም እንዲሁ። ከዚያ ሦስታችንም ባዶ ብርጭቆ ይዘን ስለ በቆሎ ማውራት ጀመርን። እዚህ አገር ሰው ሦስት ጊዜ ሳይለመን ምንም አይጨምርም። የመጨረሻዋ ቁራጭ ኬክ ማንም ሙሉዋን ለመውሰድ ስለማይደፍር እየተገመሰች፣ እየተገመሰች ፍርፋሪ ትሆናለች። ቨርሊን ደግሞ ውሉ ስላሠረው መለመን አልቻለም። ጠርሙሱን እንደያዘ ቆመ። ብርጭቆዎቻችንን በየተራ ያያል፤ አፉን ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋል።

«ዘንድሮ በቆሎው ጥሩ ነው» አለ ኬርሚት፣ የብርጭቆውን ቂጥ እያየ።

«ዝናቡ ነው» አለች ፓስተር ሶንያ። ብርጭቆዋን ወደ ጠርሙሱ አቅጣጫ ጥቂት ገፋ አደረገችው። ቃል ግን አልወጣትም።

በሩ ላይ መጨላለም ጀመረ። ኬርሚት ኮቱን አነሳ። ቨርሊን ጠርሙሱን ሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ድስቱን ዞር ብሎ አየው።

ያን ጊዜ አርሊስ ከትሪው አጠገብ ባዶ ብርጭቆዋን ዘረጋች።

«ጨምርልኝ።»

ቨርሊን ያልሰማ መሰለ።

«ሌላ ቅዳልኝ እኮ ነው የምልህ። የተከፈተ ነገር ሲባክን አልወድም።»

ቀዳላት። እስከ ጠርዙ ስለሞላው አረፋው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። አርሊስ ወለሉን አየችና ጎንጨት አለች። ኬርሚትም ኮቱን መልሶ ሰቀለ።

ሌሊቱን እንደተባለው በረዶው ጣለ። ጠዋት ከመስኮቴ ሳይ ቨርሊን በሌሊት ልብሱ ላይ ካፖርት ደርቦ የአርሊስን መኪና መስታወት ይፍቃል። አርሊስ የወጥ ቤቱን በር ገርበብ አደረገች።

«ብርዱ እንዴት ነው?»

ቨርሊን ከጢሙ ላይ በረዶ አራገፈ።

«ለየት ይላል» አላት።