ጓድ ደምሴና የማይታይ የሚያደርገው ቀለበት

የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ ደምሴ፣ የጭነት መኪናው ሾፌር ለእኔ የያዘልኝን የጋቢና ወንበር ቀማኝ። ወባ ገና ለቆኝ ወደ ጎንደር መሄዴ ነበር። እሱ ግን «አስቸኳይ የአብዮት ጉዳይ አለብኝ» ብሎ ተንፈላሰሰበት፤ ለእኔ የቀረልኝ ከኋላ የሰሊጥ ጆንያ ላይ መንጠልጠል ሆነ።

ኮኪትን ሳንለቅ ዝናብ መጣና ጭቃው መኪናውን ያዘው። ሻይ ቤት ስንጠለል ሾፌሩ አያ ካሴ፣ ካድሬውን ፊት ለፊት መናገር ስለፈራ፣ «እስኪ በጨዋታ ይለይላችሁ» አለ። የቆላ ሾፌሮች መንገድ ሲዘጋባቸው የሚጫወቱት ነው፤ አንዱ ተረት ይተርካል፣ ሌሎቹ የተረቱን ሰዎች ሆነው ዛጎል እየጣሉ ይጓዛሉ።

አያ ካሴ ተራኪና ዳኛ ሆነ፤ እኔ የንጉሡ በር ዘበኛ ሆንኩ። በስብሰባ ሁሉ ጥንቆላን ሲያወግዝ የሚውለው ጓድ ደምሴ ደግሞ አስማተኛ ሆነ። አልፎኝ ገብቶ ከንጉሡ እጅ ካባ ከለበሰ ጋቢናው የእሱ ነው፤ ካልሆነለት የእኔ። ዛጎሉ ቀናውና የአስማት ቀለበት አገኘ። ሕጉ «ቀለበቱን ያጠለቀ አይታይም» ይላል፤ ለማን እንደማይታይ ግን አይናገርም።

«ኮቴዎን ሰምቼ ያዝኩዎት» አልኩት።

«አይታይም ማለት ከነኮቴው ነው፣ እትዬ።»

«ውሻዬስ አያሸትዎትም?»

«ውሻም ሆነ ዘበኛ፣ ሹምም ቢሆን፣ ማንም መኖሬን አያውቅም። ጨዋታው እስኪያልቅም ቀለበቱ አይወልቅም።»

አያ ካሴ አንገቱን ደፍቶ «እንዳሉት ይሁን» ብሎ ፈረደለት። ጓድ ደምሴ የምጠብቀውን በር አልፎ አዳራሹ ገባና ካባ ሊደረብለት ትከሻውን አሰፋ።

እኔም አልኩት፦ «ንጉሡ የሚያየው ባዶ አዳራሽ ነው፣ ጓድ፤ ካባውን ለማን ይደርብ? በሉ ከጋቢናው ላይ ዕቃዎን ያንሱልኝ።»