ይቅርታ የሰረዘው ዋስትና

ፅጌ ማርያም ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ አትችልም። ዕድሜዋን የገፋችው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሽመና ክፍል ነው፤ የሽመና መኪናዎቹ ጩኸት ጆሮዋን አድክሞታል። እዚያ የሠራ ሰው የሌላውን ነገር ከከንፈሩ ማንበብ ይለምዳል፤ የራሱን ግን ካልጮኸ የተናገረ አይመስለውም። ስለዚህ ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ካለው የመድን ድርጅት ቢሮ ውስጥ ሀኒ የምትባለው ወጣት ሠራተኛ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ የመከረቻትን ምክር፣ ፅጌ ማርያም መልሳ ስትጠይቅ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሰማው።

«ልጄ አላጠፋሁም ብሎ ይፈርም ነው የምትይኝ?»

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ እትዬ!»

«ቀስ ብዬ ነው እኮ።»

ከኋላዋ የቆመ የባጃጅ ሾፌር ሳቁን መያዝ አቃተው። «እናቴ፣ እኛ ምንም አልሰማንም። ብቻ ይፈርም!»

ሀኒ ፊቷ ቀላ። ክፋት አልነበራትም፤ እናትና ልጁን ልትረዳ ፈልጋ ነው።

ፅጌ ማርያም ጡረታ ስትወጣ ያላትን ሁሉ አሟጣ፣ ዘጌ ላይ ከአባቷ የደረሳትን የቡና ቦታ ጭምር ሸጣ፣ አንድ አሮጌ ሚኒባስ ገዝታ ነበር። የሚነዳው የመጨረሻ ልጇ ይትባረክ ነው። መንጃ ፈቃዱ ገና አዲስ ቢሆንም ሚኒባሱ የዚያኑ ፋብሪካ ሠራተኞች ማመላለስ ጀመረ። እሷ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ በእግሯ የጨረሰችውን መንገድ ልጇ የእሷን ጓደኞች አሳፍሮ ሲሄድበት ከበር ቆማ ታየው ነበር። «ተመስገን» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራትም። ፋብሪካው ታዲያ ሙሉ ዋስትና የሌለውን መኪና ለሰርቪስ አይቀበልም።

በጥቅምት ማለቂያ፣ በገበያ ቀን፣ ይትባረክ ሰው አድርሶ ከመሸንቲ ሲመለስ ከፊቱ ያለውን ጋሪ ልቅደም አለ። አህያቸውን እየነዱ ጥግ ይዘው ይሄዱ የነበሩ አያ ገብረ ኪዳን የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ገጨ። እግራቸው ተሰበረ፤ ነፍሳቸውን መድኃኔዓለም ጠበቃት። ሚኒባሱም ቦይ ገብቶ ፊቱ ተጨራመተ። የአያ ገብረ ኪዳንን ሕክምና የግዴታው የሦስተኛ ወገን መድን ቻለ። መኪናውን የሚያሠራው ሙሉው ዋስትና ነበር።

ሕክምናው ተቻለ ተብሎ ግን የሰው ደም ፈሶ ዝም አይባልም። የነፅጌ ማርያም የነፍስ አባት አባ ወልደ ዮሐንስ ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ቀን ቆረጡ። ይትባረክ እንደ ወጉ በትከሻው ድንጋይ ተሸክሞ አያ ገብረ ኪዳን ደጅ ወደቀ።

«አጥፍቻለሁ። ቸኮልሁ። ማሩኝ።»

አዛውንቱ መደብ ላይ እንደተኙ ቀና አሉ። «እግዜር ይማርህ። ድንጋዩን አውርዱለት እንጂ፤ ትከሻውን ሊሰብረው ነው። አንድ ስብራት አይበቃንም?»

ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ተላቀሰ። መስቀል ተሳለሙ። ፅጌ ማርያም ያን ሌሊት፣ አደጋው ከደረሰ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት።

ደስታዋንም ለብቻዋ አልያዘችው። የድርጅቱ ሰው የመኪናውን ጉዳት ሊያይ ከግቢዋ ሲመጣ ገና ከበሩ ሳይገባ፣ «ታረቅን እኮ! ልጄ ጥፋቱን በሽማግሌ ፊት አምኖ ማሩት!» አለችው። ሰውየው የሰማውን ጻፈ። ለካ ከውሉ ውስጥ፣ ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ጥፋትን ማመን ክልክል ነው የሚል አንቀጽ አለ። በሳምንቱ፣ ውሉ ስለፈረሰ መኪናው እንደማይሠራ፣ ዋስትናውም እንደሚሰረዝ የሚነግር ደብዳቤ ደረሳት።

የሀኒ ምክር እንግዲህ ይህ ነው። ይትባረክ፣ «አጥፍቻለሁ ያልሁት ሽማግሌዎች ገፋፍተውኝ ነው፤ ሰውየው ድንገት መሀል መንገድ ገቡብኝ» ብሎ ከፈረመ ነገሩ እንደገና ይታያል። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ደሞዝም ከመስታወቱ ጀርባ ወጥተው ይህንኑ አሉ።

«እናቴ፣ እኔም ክርስቲያን ነኝ። ግን ድርጅቱ ከሰረዘው ሌላም ድርጅት በቀላሉ አይቀበለውም። ወጣት ሾፌር ነው፤ ያስቡበት።»

ይትባረክ እንዲፈርምበት የተሰጣትን ወረቀት ይዛ ወጣች። ሐይቁ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የዘጌው ጀልባ ሰው ጭኖ ይርቃል። ሴት ልጅ ሆና ፋብሪካ ልትቀጠር በእንዲያ ያለ ጀልባ ስትመጣ፣ አባቷ ያስያዟት አንዲት ዳዊት ብቻ ነበረች። ማንበብ የቻለችው ራሷ እየታገለች፣ በእረፍት ሰዓት፣ ከጥጡ ክምር ላይ ተቀምጣ ነው። ዛሬ ያቺ ዳዊት ከቦርሳዋ ውስጥ ከወረቀቱ ጋር ነበረች። ልትከፍታት አልደፈረችም። ደክሟት ነበር። ይፈርም፣ አለች በልቧ፤ እግዚአብሔር የደከመን ሰው ያውቃል።

ማታ ወረቀቱን ለይትባረክ ሰጠችው። አነበበው።

«እማ፣ አንቺ ካልሽ እፈርማለሁ» አለ፣ ሳይቆጣ። «ድንጋዩንም ተሸከም ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

በማግስቱ ማለዳ ወረቀቱን መልሳ ይዛ፣ ለማንም ሳትናገር መሸንቲ አያ ገብረ ኪዳን ዘንድ ወረደች። ሰውየውን ከጀርባቸው ከማማት ፊት ለፊት መንገር ይሻላል ብላ ነው።

አያ ገብረ ኪዳን እግራቸውን ዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከአጥሩ ማዶ ዳጉሳቸው ደርሶ ራሱን ደፍቷል፤ የሚያጭደው ግን የለም። ልጆቻቸው አገር ለቀዋል። ፅጌ ማርያም ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው። መንደሩም አብሮ ሰማ።

«ታዲያ ምን ቸገረሽ፣ እቴ?» አሉ። «ይፈርም። እኔንም ቢጠይቁኝ፣ አህያዬን ስከተል ዘው ብዬ ገባሁ እላለሁ። የልጅ እንጀራ ይቁም እንዴ?»

ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ አሉ። «አንተ ሰውዬ! በስተርጅና ቆርበህ ልትዋሽ?»

«ዝም በይ አንቺ! እግዜር እንደሆነ እዚያው መንገዱ ላይ ነበር፤ ያየውን አይቷል።»

«ካየማ ለምን ትዋሸዋለህ?»

«እሱን አይደለም የምዋሸው። መድኖቹን ነው!»

ፅጌ ማርያም ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ተቋረጠ። አሳምረው ቢቆጡአት፣ ቢረግሙአት ኖሮ ወረቀቱ ይቀላት ነበር። እኒህ ሰው ግን የተሰበረ እግራቸው ሳይበቃ ቁርባናቸውንም ለልጇ ሊሰጡ ነው። ወረቀቱን ሁለት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ይማሩኝ፣ አያ» አለች።

«አሁን ደግሞ በምን?»

«ላደርገው ባሰብሁት።»

ከመሸንቲ በቀጥታ ወደ ቢሮው ሄደች። ወረፋው እንደትናንቱ ነው። ተራዋ ሲደርስ ወረቀቱን ሳይፈረም ለሀኒ መለሰችላት።

«ሰርዙት።»

«እትዬ፣ አንድ ቀን ይጨምሩና...»

«ልጄ፣ ዋስትናውን ሰርዙት። እርቁን መሰረዝ አልችልም።»

ሀኒ የስረዛውን ደረሰኝ ጻፈች። ፅጌ ማርያም ከደረሰኙ ላይ ራሷን ባስተማረችው ጽሕፈት ፈረመች። ልትወጣ ስትነሣ ልጅቷ እጇን ያዝ አድርጋ በከንፈሯ ብቻ አንድ ነገር አለች። ፅጌ ማርያም አነበበችው።

«እንዴት አልጸልይልሽ! የክርስትና ስምሽ ማን ነው?»

ሀኒ ቀና ብላ ወረፋውን አየች፤ ከዚያ ማፈሯን ተወችው። «ወለተ ሚካኤል» አለች፣ ጮክ ብላ።

ሚኒባሱ አሁን ከግቢው ዘይቶን ዛፍ ሥር ቆሟል፤ ዶሮዎች ይሰፍሩበታል። ጠዋት የሠራተኞቹ ሰርቪስ በደጅ ሲያልፍ ፅጌ ማርያም ከበር አትወጣም። የሌላ ሰው መኪና ነው። ይትባረክ ከጎረቤት ማጭድ ተውሶ በሰው ሚኒባስ ተሳፍሮ መሸንቲ ይወርዳል። ማንም አላዘዘውም።

በመጀመሪያው ቀን ማታ ሲመለስ መዳፉ ተላልጧል። እናቱ ውሃ አሙቃ፣ ጨው ነስንሳ አቀረበችለት።

«አያ ገብረ ኪዳን ምን አሉህ?»

«ማጨድም እንደ መንዳት ነው፤ የፊትህን ልቅደም አትበል አሉኝ።»

«ነገስ?»

«ገና ግማሹ አልታጨደም።»

እጁን ውሃው ውስጥ ከተተና «እስ» አለ። እሷም ከጎኑ ተቀመጠች፤ ጉልበቷን እያሸች፣ ለእሷ በሚመስላት ቀስ ያለ ድምፅ ተመስገን አለች። ጎረቤቶቹ ሁሉ ሰሟት።