የሎሚውና የጽጌረዳው ጣሳ

ሰፈርተኛው «ብሩሽ» የሚለው ቀለም ቀቢ አፍንጫ የለውም ይባል ነበር። አፍንጫስ ነበረው፣ ያውም ትልቅ! ግን ዕድሜውን ሙሉ የቀለም ሽታ ሲምግ ኖሮ ፊቱ ላይ ከመቀመጥ በቀር ሥራ የፈታ አፍንጫ ነው። ድስት ማረሩን እንኳ የሚያውቀው ጭሱን አይቶ ነው።

እናቱ ደግሞ ዓይኗ ጠፍቷል። ዘመድ አዝማዱ «ከእንግዲህ አርፈሽ ተቀመጪ» ሲላት፣ «መቀመጡን ስሞት እደርስበታለሁ» አለችና ልጇን ባዶ የቀለም ጣሳዎች አስመጥታ ጀራኒየም ተከለችባቸው። ቅጠሉን ሲነኩት የሚሸተውን ዓይነት ነው። ናና የሚሸተውን ኩሽናው መግቢያ፣ ጽጌረዳ የሚሸተውን መኝታ ቤቷ በር፣ ሎሚ የሚሸተውን ደግሞ ከእሱ ጎን ባለው የጓሮ በር አስቀመጠች፤ ከጓሮው በር ቀጥሎ ደረጃ አለ። ስታልፍ ቅጠሉን ዳበስ አድርጋ ጣቷን ታሸትና የት እንዳለች ታውቃለች። እጇን ሊይዝ የሞከረን ሁሉ «ቤቴን ለእኔው ልታሳየኝ ነው?» እያለች ታባርር ነበር።

ጣጣው የመጣው ከደግነት ነው። የሰው ቤት ሲያሳምር የኖረው ልጅ የእናቱ ግድግዳ መላላጥ ከነከነው። ጎረቤታቸው ሴትዮ «ለማታይ ሴት ቤት ይቀባል?» ብትለውም ጆሮ አልሰጣትም። እናቱን እህቱ ዘንድ አሰንብቶ፣ ቤቱን በደህናው ጊዜ በምትወደው ሰማያዊ ቀባው። ያወጣቸውን ጣሳዎች ሲመልስ ናናው በሰፊ ቅጠሉ ተለየለት። የሎሚውና የጽጌረዳው ግን ለዓይን መንትዮች ናቸው፤ ለማሽተት ደግሞ አልታደለም። «አበባ አበባ ነው» ብሎ እንደመጣለት አስቀመጣቸው።

እናቱ ስትመለስ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰች።

«ምን ዓይነት ነው?»

«ሰማያዊ ነው እማዬ፣ የምትወጂው።»

«አየሁት እኮ!» ብላ ሳቀች። እሱ ሻይ ሊጥድ ኩሽና ሲገባ፣ ጋደም ልትል ተነሳች። ቅጠል ነካች፤ ጽጌረዳ ነው። ገርበብ ያለውን በር ገፋ አድርጋ እንደ ልቧ ተራመደች። በሩ የጓሮው ነበር።

ዳሌዋ ተሰበረ። ለሐኪሙም ለዘመዱም «ጫማዬ ነው ያደናቀፈኝ» ብላ ዋሸችለት። ለእሱ ግን ጎረቤቲቱ ቅጠሉን አሽትታ ጣሳዎቹ መቀያየራቸውን ነግራዋለች። እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ምን ያደርጋል፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

በምርኩዝ ወደ ቤቷ ስትገባ ጣሳዎቹ ቦታቸው ላይ ነበሩ። ጎረቤቲቱን ለምኖ፣ እሷ እያሸተተች፣ እሱ ግድግዳው ላይ በሽቦ አስሯቸው ነበር። በነጋታው ከሥራ ሲመለስ ግን እናቱን ጠዋት ትቷት በሄደበት ወንበር ላይ አገኛት። ቀሚሷ ርሷል። አፍራ ፊቷን አዞረችበት። ያቺ ማንም አይንካኝ ባይ ሴት!

«እማዬ፣ መልሼያቸዋለሁ እኮ። ነይ።»

ደግፎ መኝታ ቤቱ በር አደረሳትና ጣቶቿን ቅጠሉ ላይ አኖረላት። አሸተተች፤ ደግማም አሸተተች።

«ጽጌረዳ ነው» አለች። እግሯ ግን አልተነቃነቀም።

«ግቢያ እማ።»

«አትቀየመኝ፣ የኔ ልጅ። ደግ አስበህ እንደሆነ አውቃለሁ» አለችው። «ብቻ አንተ ቅደምና ከውስጥ ጥራኝ። ድምፅህን ስሰማ እገባለሁ።»

ገባ። አልጋው አጠገብ ቆሞ «እማዬ» ሊል አፉን ከፈተ፤ ለቅሶውን እንዳትሰማ ግን አፉን በመዳፉ ያዘ። እሷም በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች።